ብራ የወጣለት ዓሊ

(የዑድ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ከሐረር ጀጎል ተነስታችሁ ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ ሾፌሩ ይህን ድምፅ ሊከፍትላችሁ ይችላል። ዓሊ ቢራ ነው። መጠጡ እንዳይመስላችሁ! በኦሮምኛ «ቢራ» ክረምቱ ሲወጣ የሚመጣው ወቅት ነው፤ የእኛው «ብራ» እንደማለት። የአባቱ ስም መሐመድ ሲሆን፣ ቢራ የተባለው ገና በልጅነቱ መድረክ ላይ ባቀነቀነው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው።

የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ያደገውም በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ። አፍረን ቀሎ በሐረር ዙሪያ የሚኖሩት አራቱ የቀሎ ጎሳዎች መጠሪያ ስለሆነ፣ የሐረር ሰው «የኛ» ቢለው አያስገርምም። በዚያ ላይ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በአረብኛም ዘፍኗል። ቃሉ ባይገባችሁ ግድ የለም፤ ዑዱን ተከተሉ።

ዓሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ አርፎ ድሬዳዋ ተቀበረ።