ማንበብ ስላቃተው ልጅ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት ልጅ አይጠፋም። ተረት ቢጠይቁት ያሳምራል፤ ሒሳብ በቃል ቢሰጡት ይመልሳል፤ ፊደልንም ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል። ነገር ግን ከገበታው መካከል አንዱን ፊደል ጠቁመው «ይህ ማነው?» ቢሉት ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ሰነፍ፣ ደንቆሮ ይባላል፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ይተዋል።

ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. እንዲህ ያለ የ14 ዓመት ብላቴና ታሪክ አሳትሞ ነበር። የልጁ መምህር፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከጓደኞቹ ሁሉ ይበልጥ እንደ ነበር መስክሮለታል። ሐኪሙ ችግሩን የቃላት ዕውርነት አለው፤ ዛሬ ዲስሌክሲያ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ጭንቁ ያለው ዓይን ላይ ሳይሆን፣ ቃልን ወደ ድምፆቹ ከፍሎ በመስማትና ድምፁን ከምልክቱ ጋር በማገናኘት ላይ ነው። በዘር ይወርዳል እንጂ የስንፍና ውጤት አይደለም።

«ፊደላችን እንደሚነገረው ስለሚጻፍ የእኛ ልጆች አይቸገሩም» የሚል ይኖር ይሆናል። ፊደላችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ቀና መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 መልክ ይሆናሉ፤ ለና ሰ፣ ነና ኘ ይመሳሰላሉ፤ መጥበቅና መላላትም ምልክት የላቸውም። «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚታወቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው።

ታዲያ እንዴት ይማር? የቆሎ ትምህርት ቤት መምህራን ከፊደል ቀጥለው አቡጊዳ ማስቆጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተራው ሲቀየር ዜማ ብቻ የያዘ ልጅ ይታወቃል። ለዚህ ልጅ ግን ተጨማሪ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ሐኪሙ ሳሙኤል ኦርተንና መምህርቷ አና ጊሊንገም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያስፋፉት መንገድ ዓይንን፣ ጆሮን፣ አፍንና እጅን በአንድነት ማሠራት ነው። በእኛም ክፍል ልጁ አስቀድሞ «በግ» የሚለው ቃል በምን ድምፅ እንደሚጀምር በጆሮው ይለይ። ከዚያ ጥቂት ፊደላት ብቻ ይሰጡት፤ ሉ፣ ሙ፣ ቡ ላይ ያለችውን የካዕብ ምልክት አይቶ፣ ድምፁን እያሰማ፣ በጣቱ አሸዋ ላይ ይጻፍ። የያዘው ሳይጸና አዲስ አይጨመርበት። ትምህርቱ አጭር፣ ግን የዕለት ይሁን።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ነገ አስተማሪዎች ነን። እንዲህ ያለውን ልጅ ስናገኝ አለንጋም ስድብም አናንሣ፤ የሚያውቀውን በቃል እንጠይቀው፤ ጊዜ እንጨምርለት፤ ከድምፁ ጀምረን እናስተምረው። ልጁ መማር አልተሳነውም፤ የተሳነው በተለመደው መንገድ መማር ነው። መንገዱን መለወጥ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።