ካምባ ላይ የአንጀትን ግድግዳ መለካት

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «አጠር አድርግ፣ የሕክምና ቋንቋም አታብዛብን» ብለውኛል። እሞክራለሁ። የማወራው ስለ አንድ በሽታና ስለ አንድ መሣሪያ ነው። በሽታው አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ይባላል። የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ይቆስላል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ይተኛል፤ ደግሞ ያገረሻል። መድኃኒት ያበርደዋል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም። መሣሪያው ደግሞ አልትራሳውንድ ነው፤ ነፍሰ ጡር እናቶች የሚታዩበት፣ ሁላችሁም የምታውቁት።

በጋሞ ዞን፣ ካምባም ሆነ ሌላ ወረዳ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስም «አሜባ» ነው። ይህን የሚለውን ባለሙያ አልወቅስም፤ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። አሜባ አለ፣ ሺጌላ አለ፣ በሐይቆቹ ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ፣ የአንጀት ቲቢም አለ። አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ችግሩ እነዚያ ጥቂቶች በብዙኃኑ መካከል መጥፋታቸው ነው።

ከካምባ የመጣች አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ሁለት ዓመት ያህል ደም ሲያያት ሜትሮኒዳዞል ስትወስድ ቆይታለች። ቤተሰቡ «ዳታው ነው» ብሎ በርበሬ ከለከላት፤ ቆጮውም ተጠረጠረ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዳ ኮሎኖስኮፒ ተሠራላት፣ ናሙና ተወሰደ፣ በሽታው ታወቀ። ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል አይደል? ከባዱ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከስድስት ወር በኋላ ተቅማጡ ተመለሰ። በሽታው አገረሸ ወይስ አሁን በእርግጥ አሜባ ያዛት? ስቴሮይድ እንጀምር ወይስ እንጠብቅ? ለዚህ ጥያቄ እንደገና ፍየል ተሸጦ፣ መኪና ተይዞ፣ አንጀት በመድኃኒት ታጥቦ ሌላ ኮሎኖስኮፒ? በየማገርሸቱ?

አልትራሳውንዱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችሁ የውሃ ሰዎች ናችሁ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነውና አሠራሩን ለእናንተ ማስረዳት አይከብደኝም። የሐይቅ ጥልቀት በድምፅ ሲለካ ድምፁ ወርዶ፣ ወለሉን መትቶ ይመለሳል፤ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይነግራችኋል። እኛም ያንኑ እናደርጋለን፤ ልዩነቱ እናንተ በሜትር፣ እኛ በሚሊሜትር መለካታችን ነው።

ታማሚዋ በጀርባዋ ትተኛለች፣ ሆዷ ላይ ጄል ይቀባል። ከግራ ብሽሽት በላይ እንጀምራለን፤ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ምልክት አድርገን ሲግሞይድ የሚባለውን የአንጀት ክፍል እናገኛለን። ከዚያ በግራ ጎን ወደ ላይ፣ በሆድ በኩል ተሻግረን፣ በቀኝ ወደ ታች እንከተለዋለን። አንጀት ማጠብ የለም፣ ማደንዘዣ የለም፣ ጨረር የለም። ጤነኛ የትልቁ አንጀት ግድግዳ እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ሲቆጣ ይወፍራል፤ በዶፕለር ስናየው ደም በብዛት ሲፈስበት ይታያል፤ ሲብስ ደግሞ የግድግዳው ንብርብሮች ይደበዝዛሉ።

የጣሊያኗ ሚላን ሐኪሞች ይህን ወደ ቀላል ሒሳብ ለውጠውታል። ውፍረቱን በሚሊሜትር በ1.4 ታባዛላችሁ፤ ዶፕለሩ የደም ፍሰት ካሳየ 2 ትጨምራላችሁ፤ ድምሩ ከ6.2 ከበለጠ በሽታው ነቅቷል ማለት ነው። ግድግዳው 5 ሚሊሜትር ሆኖ ፍሰት ካለ 9 ይመጣል። 3 ሚሊሜትር ሆኖ ፍሰት ከሌለ 4.2። ይህን ለመሥራት የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ፍጥነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የጀርመን ጥናት በ42 ማዕከላት በሽታው ያገረሸባቸውን 224 ታማሚዎች ተከታትሏል። ሕክምና ሲጀምሩ ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ የሲግሞይድ ግድግዳቸው ወፍሮ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአሥሩ ወደ አራቱ ገደማ ወረደ። በሁለት ሳምንት! እስቲ ይህን ወደ ካምባ አምጡት። ፕሬድኒሶሎን ጀምራ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመልሳ መጥታ ግድግዳው ካልቀነሰ፣ መድኃኒቱ እየሠራ እንዳልሆነ አጥንቷ እስኪወጣ ሳንጠብቅ እናውቃለን። ያኔ ወደ አዲስ አበባ መሄዷ ትርጉም አለው፤ ፍየሉም በከንቱ አይሸጥም።

አሁን ደግሞ የማይችለውን ልናገር፤ በዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። አልትራሳውንድ ቁጣውን ያያል፣ የቁጣውን ባለቤት አይነግርም። አሜባም ግድግዳ ያወፍራል፣ ቲቢም ያወፍራል። አቀማመጡ ፍንጭ ይሰጣል፦ አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ከፊንጢጣ ተነስቶ ሳይቋረጥ ወደ ላይ ይዘልቃል፤ አሜባ የቀኙን ጎን ያዘወትራል፤ ቲቢ ቀጭኑና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበትን ቦታ ይወዳል፣ ንፍፊቶችን ያሳብጣል፣ አንዳንዴም ሆድ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። ፍንጭ ግን ፍንጭ ነው። አሜባ ላለበት ሰው ስቴሮይድ ብትሰጡት አንጀቱ ሊበሳ ይችላል፤ ስትሮንግሎይድስ የተባለው ትል ካለበት ትሉ በመላ ሰውነቱ ሊሰራጭ ይችላል። ስለዚህ የሰገራ ምርመራው አይቀርም፤ የመጀመሪያው ኮሎኖስኮፒና ናሙናም አይቀርም። እኔ የምለው ከዚያ በኋላ ስላለው ክትትል ነው።

ሌላም አለ። የፊንጢጣው ክፍል ዳሌ ውስጥ ስለተደበቀ በሆድ በኩል በደንብ አይታይም። በሽታው እዚያ ብቻ ከሆነ አልትራሳውንዱ «ደህና ነው» ሊላችሁ ይችላል፤ ታማሚው ደም እያየ ከሆነ እመኑት።

ደግሞም መሣሪያ ስለመጣ የሕመምተኛውን እጅ መያዝ አይቅር። ትሩላቭና ዊትስ የተባሉት የኦክስፎርድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጡት መስፈርት ዛሬም ይሠራል። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ኖሮ፣ በተጨማሪ የልብ ምት ከ90 ካለፈ፣ ወይም ሙቀት ከ37.8 ከበለጠ፣ ወይም ሄሞግሎቢን ከ10.5 ከወረደ፣ ያ ሰው የሚላክበት ቀን ነገ አይደለም። ለዚህ ቴርሞሜትርና ሰዓት ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል።

አንዳንድ መምህራን «በሠሪው እጅ ላይ የተመሠረተ ምርመራ ነው፣ አንዱ 3 ያለውን ሌላው 5 ይለዋል» ይሉኛል። እውነት አላቸው። መልሱ ግን መተው አይመስለኝም፤ ማሠልጠን ነው። ግድግዳውን በርዝመቱ ሁለቴ፣ በአግድሙ ሁለቴ ለክቶ አማካዩን መውሰድን አንድ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ራዲዮግራፈር ሊማረው ይችላል። የሕክምና ኮሌጁ ባልደረቦች እዚህ አላችሁ፤ የአልትራሳውንድ ልምምዱ ውስጥ ከጉበትና ከማሕፀን ቀጥሎ ለትልቁ አንጀት ጥቂት ሰዓት ብትመድቡለት ተመራቂው ካምባ ሲመደብ ይዞት ይሄዳል።

በገንዘብ ልትረዱ የምትፈልጉ ደግሞ፣ አዲስ ማሽን አንጠይቃችሁም። ለእርግዝና የሚያገለግሉት ማሽኖች በብዛት ይዘውት የሚመጡት ጎባጣው ፕሮብ ነው፤ ጥልቀት ያያል፣ ሚሊሜትር ለመለየት ግን ይቸገራል። የሚያስፈልገን ቀጥ ያለው፣ ሊኒየር የሚባለው ነው። በውጭ አገር ያላችሁ፣ እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ዓይነትና ሞዴል ጠይቁን፤ ሶኬቱ የማይገጥም ፕሮብ ከመጣ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚቀረው።