የሳይንስ ውድድር ሽልማት ሴት ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ ብልባላ፣ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳንወስን ተለያይተናል። ሴት ልጆቻችን ለሳይንስ ውድድር ወልድያ ሲሄዱ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪያቸውን ከማኅበሩ ሣጥን እንሸፍን ወይስ አንሸፍን? አንዳንዶቻችሁ «ከተሸለመች ዩኒቨርሲቲ መግባቷ አይቀርም» ስትሉ ሰምቻለሁ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበርና እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች ምን እንደሠራች ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ምድጃችሁን ለምናችኋለችና። በሦስት ጉልቻ እንጀራ ሲጋገር ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚያልቅ፣ ዙሪያው በጭቃ በተደፈነ ምድጃ ደግሞ ስንት እንደሚያልቅ ለካች። ሚዛኑን ከማር ነጋዴ ተዋሰች። እንጨቱን ከመማገዷ በፊት መዘነች፤ የተረፈውንም መልሳ መዘነች። የሊጡን መጠን እኩል አደረገች። በእያንዳንዱ ምድጃ ሦስት ሦስት ጊዜ ጋገረች። ነፋስ የነበረበትን ቀን ሳይቀር በደብተሯ ጻፈች። ዳኛው «ልዩነቱን ያመጣው ነፋሱ ቢሆንስ?» ብሎ ሲጠይቃት ደብተሯን ገልጣ አሳየችው። ሁለተኛ ወጣች።

ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ለቤት እንግዳ ሁሉ «የዚህች ነገር አብቅቷል፤ ዩኒቨርሲቲው በእጇ ነው» እል ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ሌላ ውድድር መጣ። እሷ ለፈተና ላንብብ ስትል እኔ «አንድ ሰርተፍኬት ጨምሪ» ብዬ ገፋኋት። ለንባብ የሚሆኑት ሳምንታት በዚያ አለቁ። ውጤቱ ሲመጣ ከ50 በመቶ ጥቂት ጎደላት። ማታ ወደ ግድግዳው እያየች «እማዬ፣ ይኼን ወረቀት የት ወስጄ ላሳየው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በኋላ ጠይቄ የተረዳሁት ይህ ነው። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚሠራው በብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትና በተማሪዋ ምርጫ ነው። ለሰርተፍኬት ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ይፈትናል፤ እሱም ያው ፈተና ነው። ፈተናው ደግሞ ከብዷል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3 ያህል መሆናቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ አለፉ። የኛ ልጆች በዚህ ላይ በጦርነት የተቋረጠ ትምህርት ተሸክመው ነው የሚቀርቡት።

ታዲያ ውድድሩ ከንቱ ነው? አይደለም። የሚጠቅምበትን ቦታ ለይተን እንወቅ ነው የምለው።

አንደኛ፣ ለውጭ አገር ትምህርት ዕድል ይጠቅማል። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች በሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ላይ አምስት ሽልማቶችና አሥር ከክፍል ውጭ የተሠሩ ሥራዎች መጻፊያ ቦታ አለ። ድርሰትና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤም ይጠየቃል። እንደ ኤም አይ ቲ ያሉ ጥቂቶች የውጭ አገር ተማሪን እንኳ የቤተሰቡን ኪስ ሳያዩ መርጠው፣ የጎደለውን ወጪ ይሸፍናሉ። በሩ ግን እጅግ ጠባብ ነው፤ የክፍል ውጤትና እንግሊዝኛም ይጠይቃል። አንባቢው ከወረቀቱ ይልቅ «ልጅቷ ምን ጠየቀች? እንዴት ለካች? ሲበላሽባት ምን አደረገች?» የሚለውን ነው የሚፈልገው። የኛዋ ደብተር የሚጠቅመው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ዓይን ይከፍታል። አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ አሜሪካ የሄደው ሄማን በቀለ እ.ኤ.አ. በ2023 በ14 ዓመቱ የቆዳ ካንሰርን ለማከም ባሰበው ሳሙና የ3ኤም የወጣት ሳይንቲስቶችን ውድድር አሸንፎ 25,000 ዶላር ተሸለመ። ሐሳቡ የመጣለት በልጅነቱ አዲስ አበባ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሠሩ ሰዎችን አይቶ እንደሆነ ተናግሯል። ሳሙናም፣ ፀሐይም፣ ምድጃም እኛ ቤት አሉ። ልጆቻችን የሚያዩትን ነገር እንዲጠይቁ ካደረጋቸው ውድድሩ ሥራውን ሠርቷል።

ሦስተኛ ግን ቅደም ተከተሉን አንርሳ። ከፍኖተ ሰላም የተነሡት ፕሮፌሰር ሰገነት ቀለሙ ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። በሳይንስ ለላቁ ሴቶች የሚሰጠውን የሎሬያል ዩኔስኮ ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። በሩን የከፈተላቸው ትምህርታቸው ነው፤ ሽልማቱ ከሥራቸው በኋላ መጣ።

ስለዚህ ለውሳኔ የማቀርበው ይህ ነው። የውድድር ወጪ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ላሉት እንክፈል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንክፈል፤ ያንን ጊዜ ለፈተናው እንተውላት። የተወዳደረች ሁሉ ደብተሯን ታስቀምጥ፤ መምህሯም ሥራዋን ሳይረሳው ደብዳቤ ይጻፍላት፤ ቅጂው በማኅበራችን ፋይል ይቀመጥ። ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ወራት ደግሞ ውኃ መቅዳቱንና እንጨት መልቀሙን እኛ እናቶች በወንፈል እንያዝላቸው። ይኼኛው ከሣጥኑ ገንዘብ አያወጣም፤ የሚያወጣው የኛን ጉልበት ነው።

ለምትረዱን ወዳጆቻችንም አንድ ነገር ልለምን። ዋንጫና ሜዳልያ እናመሰግናለን፤ ግን ብትችሉ ማታ የሚያነቡበት የፀሐይ መብራት፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች፣ ሚዛንና ቴርሞሜትር ላኩልን። ልጄ ሚዛን ለመዋስ ነጋዴው ገበያውን እስኪጨርስ ሦስት ቅዳሜ ቆማ ጠብቃለች።

ልጄ የማካካሻ ትምህርቱን፣ ሬሜዲያል የሚሉትን፣ ጨርሳ አልፋለች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። የቤተ ሙከራ ሪፖርት መጻፍ ጓደኞቿን ሲያስጨንቅ እሷን እንዳልከበዳት ነግራኛለች፤ ከምድጃው ለምዳዋለችና። ቢሆንም አንድ ዓመት አባክኛባታለሁ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እናንተ ልጆቻችሁን ይቅርታ ሳትጠይቁ እንድታሳልፏቸው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የተናገርኩት።

አሁን እጅ አውጥተን እንወስን።