የክፍላችን ባዶ ወንበር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል እንድንናገር ፈቃድ በተሰጠን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም እንድንናገር የመከሩን ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን የትምህርትን ጥቅም ለእናንተ መንገር ለቡሬ ገበሬ ስለ በቆሎ እንደ ማስተማር ሆኖ ታየን። ስለዚህ የመረጥነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ የኮሌጅ አስተማሪ ስለ ማስተማር የነገሩን አሳብና ያ አሳብ በእኛ ላይ ያመጣብን እፍረት ነው።

እኒህ ሰው የሚያስተምሩት ሶሻል ወርክ የሚባለውን፣ በአማርኛ የማኅበራዊ ሥራ ሙያ የምንለውን ነው። ትውልዳቸው ከቡሬ ገጠር ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ፍኖተ ሰላም በመጡ ጊዜ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አብረውን ተቀመጡ። ስማቸው እንዳይነሣ ስለ ለመኑን አናነሣውም።

በመጀመሪያ የጠየቅናቸው ሙያው ለድሀ ገንዘብ ማደል እንደ ሆነ ነው። ይህን ማለታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህን ንግግር የጻፍነው በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ነን፤ ደብተሩም እርሳሱም በነጻ ይታደለን ስለ ነበር፣ እርዳታ ሁሉ ካለው ወደ ሌለው እንደ ዝናብ የሚወርድ ይመስለን ነበር። እርሳቸው ግን ሳቁና የሙያውን ታሪክ አጫወቱን። በአገራችን የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሥር ሆኖ ሲያስተምር ቆይቶ በአብዮቱ ዘመን ተዘጋ። እንደ ገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ነው። እንግዲህ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በመጣ ጊዜ አገራችን ራሱን የቻለ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አልነበራትም ማለት ነው። ይህን ስንሰማ በጣም ተገረምን።

እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም የሶሻል ወርክ ማኅበራት ለሙያው በሰጡት ትርጓሜ ውስጥ፣ ከማኅበራዊ ፍትሕና ከሰብአዊ መብት ጋር የጋራ ኀላፊነት የሚለውም ገብቷል። እርሳቸውም ይህን ለተማሪዎቻቸው በቃል ከማስጠናት ይልቅ ክፍላቸውን ራሱን በዚሁ መንገድ ለማስተዳደር እንደሚሞክሩ ነገሩን። በመጀመሪያው ቀን ትምህርት አይጀምሩም። ተማሪዎቹ ከአስተማሪው የሚፈልጉትንና አስተማሪው ከተማሪዎቹ የሚፈልገውን በአንድ ወረቀት ይጽፋሉ፤ ሁሉም ይፈርማል፤ እርሳቸውም ይፈርማሉ። አንድ ተማሪ ሳይመጣ ሲቀር የት ሄደ ተብሎ የሚጠየቀው ክፍሉ በሙሉ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ታዲያ የአስተማሪው ድካም ቀለለ ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ድፍረት ያለበት ቢሆንም ተገቢ ነበር፤ ኀላፊነት የጋራ ሲሆን የማንም ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና። ከዓመታት በፊት በየትምህርት ቤቱ የነበረውን አንድ ለአምስት የሚባለውን የተማሪ ቡድን የምታስታውሱ ታላላቆቻችን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ። አስተማሪው የመለሱልን እንዲህ ነው፤ ፈተና ማረምና ማርክ መስጠት የእርሳቸው ሥራ ነው፣ ስለዚህም የሚጠየቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን ለተማሪ ማካፈል ሽሽት ነው። የሚካፈለው መማሩ ነው፤ ጓደኛህ ያልገባው እንደ ሆነ የአንተም ትምህርት ገና አላለቀም።

ፓውሎ ፍሬሬ የተባለውን የብራዚል ሰውም አነሡልን። እርሱ ገበሬዎችን ማንበብና መጻፍ ያስተማረ፣ በዚህም ታስሮ የተሰደደ ሲሆን፣ አስተማሪ ዕውቀቱን በተማሪው ራስ ውስጥ እንደ ባንክ ገንዘብ ማስቀመጡን አጥብቆ የነቀፈ ነው። እኛ ግን ይህን ስንሰማ አሳባችን ወደ ብራዚል አልሄደም። ከጓደኞቻችን አንዱ አስቀድሞ የቆሎ ተማሪ የነበረ ነው፤ ወዲያው ብድግ ብሎ፣ ይህማ በቅኔ ቤት ያለ ነው አለ። ዋሸራንና ጎንጅን በወለደው በጎጃማችን፣ ከየኔታ የሰማውን አንጋፋው ተማሪ ለጀማሪው ያስነግራል፤ የተለመነውም እህል በየጎጆው አብሮ ይበላል። ጓደኛችን እንዳለው፣ ለሌላው ሲያስነግር ያላወቀውን ቅኔ ለራሱ ሲማር አላወቀውም ነበር። በእርግጥ የኔታ ከደቀ መዝሙሩ ጋር ውል አይፈራረሙም፤ አለንጋም ነበረ። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው አንልም።

ከእንግዶቻችን መካከል በዕድሜ የገፋችሁት ሌላም ታስታውሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ የሚበዙትም ያገለገሉት በማስተማር ነው።

አሁን ወደ እፍረታችን እንምጣ።

በዚያ ቀን አስተማሪው ሲሰናበቱን፣ በቡድናችን ውስጥ የምትገኝ አንዲት ልጅ ሦስት ሳምንት ስለ ቀረች፣ ማርካችን እንዳይቀንስ ስሟ እንዲወጣልን ልናመለክት መሆኑን ነገርናቸው። ምክር የምንጠይቅ መስሎን ነበር። እርሳቸው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተከራየችበትን ቤት የሚያውቅ ማን ነው?

አምስት ወር አብረናት ተቀምጠናል። የሚያውቅ አልነበረም።

ልጅቱ ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ናት። ወላጆቻችን እንደምታውቁት፣ የገጠር ልጅ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቤቱ ስንቅ እያመጣ ነው፤ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ እርስዋም በዚህ ምክንያት ዓመት አልፎባት ዘግይታ የተመለሰች ናት። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ስንቅ አይመጣም። ቤቷን ሁለት ቀን ጠይቀን ስናገኝ፣ አከራይዋ፣ «ልጆቼ፣ እስካሁን የት ነበራችሁ?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። ልጅቱ ለምግቧ ስትል በሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር፣ ልብስ ስታጥብ ሰንብታለች፤ ለክፍል ኀላፊው መምህር እንዳትናገርም አፍራለች።

ወዲያው በክፍላችን ገንዘብ አዋጣን። ደስ ብሎን ነበር፤ ጥሩ ሰዎች የሆንን መሰለን። ልጅቱ ግን አልቀበልም አለች። ደብተራችሁን አውሱኝ፣ ያመለጠኝን አስረዱኝ፣ ገንዘባችሁን ግን ወዲያ በሉ አለችን። እኛም ተቀየምን፤ እንዲያውም ከመካከላችን ሁለቱ ኩራተኛ ናት ብለው ለጥቂት ቀን አላነጋገሯትም። በኋላ ያስተዋልነው፣ በገጠሯ ወንፈል የወጣ ሰው ጉልበቱን በጉልበት እንደሚመልስ ነው። የእኛ መዋጮ ግን የምትመልሰው ነገር አልነበረውም፤ ስለዚህ እንደ ምጽዋት ሆነባት። ከወር በኋላ በሒሳብ ከሁላችን የተሻለች ስለ ሆነች፣ እርስዋ ሒሳቡን እኛ ደግሞ ያመለጣትን ፊዚክስና እንግሊዝኛ እየተባባልን አብረን ማጥናት ጀመርን። ማመልከቻውን ቀደድነው።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሦስት ቀን አይለይም። እንዲህ ያለ አገር ልጆች ሆነን ሳለ፣ በሕይወት ያለች ጓደኛችን ሦስት ሳምንት ስትጠፋ ያሰብነው ስለ ማርካችን መሆኑ እስከ ዛሬ ያስገርመናል። ይህን እንድንናገር ልጅቱ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን እንዳንጠራ ግን አስምላናለች። ዛሬ ከእኛ ጋር ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ ትሰማናለች።

መምህራኖቻችን በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንደሚይዙ እናውቃለንና፣ የእያንዳንዳችንን ቤት እንዲያውቁ አንጠይቅም። እኛ ግን የጎናችንን ልጅ ቤት ማወቅ እንችላለን። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በክፍላችን አንድ ደብተር ከፍተናል፤ ከገጠር የመጣው ተማሪ ሁሉ የተከራየበት ሰፈርና ስንቅ የሚመጣለት ቀን ተጽፎበታል፤ ሁለት ሰው የቀረ ተማሪን ሄዶ ይጠይቃል። ደብተሩ ሁልጊዜ በደንብ ይያዛል አንልም፤ በፈተና ሰሞን ሁለት ሳምንት ማንም አልጻፈበትም።

አሁን በደብተሩ ላይ ሁለት ስም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። አንዱ ወደ ቡሬ መንገድ ካለ ቀበሌ የሚመጣ ልጅ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ አላየነውም። ሁለተኛው እዚሁ ፍኖተ ሰላም ተከራይቶ የነበረ ነው፤ አከራዩ ወዴት እንደ ሄደ አያውቁም። የልጆቹን ቤተሰብ የምታውቁ ወላጆች እዚህ ካላችሁ፣ ከበዓሉ በኋላ በበሩ አጠገብ ደብተሩን ይዘን እንቆማለን።