የወሎ ንግሥታትና የመቅደላ ገደል

(ይህ ጽሑፍ በመካነ ሰላም ከተማ ለተሰበሰቡ የአገር ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ድግግሞሹን ከማውጣቴ በቀር በቃል እንደተነገረ ቀርቧል።)



ስለ ጀግኖች እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ መቼም ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ጎራዴ የታጠቀ፣ ጎፈሬ ያበጠረ ወንድ ሁሉ ስሙን እየጠራሁ እንድወርድ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት የሴቶች ስም ነው። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" እየተባለልን ያደግን ሰዎች ነን። ይህን ተረት ያወጣ ሰው ግን ወሎን አላየም! (ሳቅ)

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቡዲካ የምትባል ንግሥት ስም የሰማ አለ? (ተማሪዎች እጃቸውን አነሡ።) ጎበዞች! ወይዘሮ ወርቂትንስ? ወይዘሮ መስታወትንስ? (ሁለት ሽማግሌዎች እጃቸውን አነሡ።) ይኸው እንግዲህ! ባሕር ማዶ ያለችውን አወቅን፤ ከዚህ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር የነበሩትን አላወቅንም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጉድ ነው።

ተማሪዎቹ ካነሧት እንጀምር። ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሮማውያን የዛሬዋን እንግሊዝ አገር ወረው ይገዙ ነበር። በምሥራቁ ክፍል አይሴኒ የሚባል የኬልት ነገድ ነበር። ንጉሡ ፕራሱታገስ ሲሞት ግዛቱን ለሁለት ሴት ልጆቹና ለሮማው ቄሣር ለኔሮን በጋራ ተናዘዘ። ቄሣሩም ድርሻ ካገኘ ቤቴን አይነካም ብሎ መሆኑ ነው። ሮማውያን ግን ሁሉንም ጠቀለሉት። ሚስቱን ቡዲካን ገረፏት፤ ልጆቿን ደፈሩ። እ.ኤ.አ. በ60 ወይም በ61 ቡዲካ ነገዶቹን አስተባብራ ተነሣች። ሦስት ከተሞች ጋዩ፤ አንዷ ለንደን ነበረች። በመጨረሻ ስዌቶኒየስ ፓውሊኑስ የተባለው የሮማ አገረ ገዥ ድል አደረጋት፤ እሷም በዚያው ሞተች።

በዚያው ዘመን በስተሰሜን ካርቲማንድዋ የምትባል ሌላ ንግሥት ነበረች። እሷ ደግሞ ከሮማ ጋር ተስማምቶ መግዛትን መረጠች። ሮማን ሲዋጋ ኖሮ ሸሽቶ የተጠጋትን ካራታከስን እ.ኤ.አ. በ51 አሳልፋ ሰጠችው። ልብ በሉ! አንድ ደሴት፣ ሁለት ንግሥት፣ ሁለት መንገድ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ።

መጀመሪያ እቴጌ መነን አሉ። እቴጌ መነን የወሎ ሰው፣ የኢማም ሊበን አመዴ ልጅ ናቸው። ልጃቸው ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው የአገሪቱ እንደራሴ ሆነው ሲገዙ፣ እናትዬዋ ጎንደርን ያዙ። ባላቸው አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ ዘውዱን ጭነዋል፤ ሥልጣኑ ግን የሚስትዬዋ ነበር። የቋራው ካሣ ባመፁ ጊዜ እቴጌይቱ "እስቲ አንድ ጎበዝ ልላክ" ብለው ከቤት አልቀሩም። በ1839 ዓ.ም. ጦራቸውን አስከትለው ራሳቸው ዘመቱ። በጦርነቱ ጭናቸው ላይ ቆስለው ከነባላቸው ተማረኩ። ካሣም የሚፈልጉትን ግዛት ከተቀበሉ በኋላ ለቀቋቸው። ያ ካሣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እንግዲህ ቴዎድሮስ ከወሎ ሴት ጋር በጦር ሜዳ የተዋወቁት ገና ሳይነግሡ ነው።

ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነገሡ። በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ላይ ወሎን ወግተው መቅደላን ያዙ። አምባዋንም ምሽግ፣ ግምጃ ቤትና እስር ቤት አደረጓት። እኔ እዚህ የቆምኩት ቴዎድሮስን ለማዋረድ አይደለም። የመሳፍንቱን ትርምስ አስቁመው አንድ አገር ሊያቆሙ የተነሡ ንጉሥ ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን እውነቱም ይነገር። የዚያ አንድነት በትር በወሎ ጀርባ ላይ ደጋግሞ አርፏል። ንጉሡ ሲመጡ ወሎ ይገብራል፤ ፊታቸውን ሲያዞሩ ይሸፍታል። ተመልሰው ይመጣሉ፤ መንደር ይቃጠላል፣ ከብት ይነዳል። ከባላባቱ ቤት ደግሞ ልጅ መያዣ ተብሎ ይወሰዳል።

በወሎ ኢማሞች ቤት ወንዶቹ ሲሞቱና ሲታሰሩ፣ በልጆቻቸው ስም ግዛትና ጦር ይዘው የቆሙት እናቶች ሆኑ። ከነዚህ ሁለቱ ገነው ወጡ፤ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት።

የወርቂት ልጅ

የወይዘሮ ወርቂት ልጅ፣ ወጣቱ ኢማም፣ መቅደላ ላይ እስረኛ ነበር። በዚያው አምባ የሸዋው ምኒልክም ከልጅነታቸው ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በቁም እስር ኖረዋል። በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ምኒልክ በሌሊት አምልጠው ወሎ ገቡ፤ ወይዘሮ ወርቂት እጅ ላይም ወደቁ።

እናቶቼ፣ እስቲ በእሳቸው ቦታ ሁኑ። ልጃችሁ በጠላት እጅ ነው። የጠላታችሁ ትልቁ እስረኛ ደግሞ በእናንተ እጅ ገብቷል። ምን ታደርጋላችሁ? እንደሚተረከው ወርቂትም የማንኛዋም እናት ሐሳብ መጣላቸው። ምኒልክን ሰጥቶ ልጅን መቀበል!

ለዚህ ግን ጊዜ አልተሰጣቸውም። ንጉሡ ምኒልክ በወርቂት ሰዎች መሐል መሆናቸውን ሲያውቁ ቁጣቸው ነደደ። የወርቂት ልጅና ከሃያ በላይ የሆኑ የወሎ እስረኞች ወጡ። እጅና እግራቸው እየተቆረጠ ከመቅደላ ገደል ተወረወሩ። ልጁ ምን አጠፋ? ያመለጠው ሌላ፤ የሞተው ሌላ!

መርዶው ደረሰ። ወርቂት ምን አደረጉ? ንዴታቸውን በእንግዳው ላይ አልተወጡም። ምኒልክን ወደ አገራቸው ወደ ሸዋ ሸኙ። ከዚህ የበለጠ ምን በቀል አለ? ቴዎድሮስ በብዙ ድካም የያዟትን ሸዋ በዚያው አጡ፤ እስኪሞቱም መልሰው አላገኟትም። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ማለት ይኼ ነው። ልጅን አስሮ እናትን አስገብራለሁ ያለ ንጉሥ፣ ልጁን ሲገድል እናቲቱን የሚይዝበትን ገመድ በገዛ እጁ በጠሰ። ከዚያ ወዲያ ወርቂት የሚፈሩት ምን ቀራቸው?

(ከአንድ እናት የተሰማ ድምፅ፦ "ምንም!")

ምንም! እናቴ ተናገሩት። (ጭብጨባ)

የመስታወት በር

ወይዘሮ መስታወት የአባ ዋጠው እናት ናቸው። እሳቸውም በልጃቸው ስም የወሎን ግዛት ይገባኛል የሚሉ፣ ከወርቂት ጋር ለሥልጣን የሚፎካከሩ ሴት ነበሩ። ሁለቱ የሚጠሉት አንድ ሰው፣ የሚሹትም አንድ ወንበር ነበር። እና እርስ በርሳቸው ተዋጉ! እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ መስታወት በርትተው፣ የወሎ ፈረሰኛ አብዛኛው በእጃቸው ገብቶ ነበር።

በዚያ ዓመት ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ፣ የታሰሩ አውሮፓውያንን ላስፈታ ብሎ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፤ ከእንግሊዝ በኩል ቆስለው የሞቱት ሁለት ናቸው። አዲሱ ጠመንጃ ከጦርና ከጎራዴ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ነው። ናፒየር ግን አንድ ነገር ያሳስበው ነበር፤ ንጉሡ በስተኋላ በኩል ቢያመልጡስ? ወደ ወሎ የሚወስደውን መውጫ የዘጉት የመስታወት ፈረሰኞች ናቸው። ቴዎድሮስ በፊታቸው እንግሊዝ፣ በኋላቸው የገፏት ወሎ ቆመው መሐል ቀሩ። ሚያዝያ 6 ቀን ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚያስ? እዚህ ላይ ነው ልብ የሚያደማው። አምባው ባለቤት ሲያጣ ሁለቱ ንግሥታት መጡ። ወርቂት "መቅደላ ለእኔ ይገባል" አሉ። መስታወትም በጦራቸው ታጅበው ደርሰው "ለእኔ ነው እንጂ!" አሉ። ልጁ ከዚያ ገደል የተወረወረባት እናትና በሩን የዘጋችው እናት፣ ከሩቅ በመጣ ጄኔራል ፊት ለክርክር ቆሙ። ናፒየር ለማንኛቸውም አልፈረደም። ሚያዝያ 10 ቀን መቅደላን አቃጠላት። ታቦቱን፣ የብራና መጻሕፍቱን፣ ዘውዱን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ሄደ። ለሁለቱ ሴቶች የቀረላቸው አመድ ነው።

የኬልቶቹን ሁለት ንግሥታት ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። እዚያ ሮማ አንዷን በጦር ጣለ፤ ሁለተኛዋን ተገለገለባት። እዚህ ደግሞ አንዷ ልጇን አጣች፤ ሌላዋ ለእንግዳ በር ዘጋችለት፤ እንግዳውም "አመሰግናለሁ" ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ሁለቱ ቢስማሙ ኖሮ የወሎ ጉዳይ በወሎ እጅ በቀረ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የኢማሞቹ ቤት ልጆች አባ ዋጠውና መሐመድ ዓሊ ተፎካከሩ፤ ፍርዱ ግን በሸዋና በትግራይ ነገሥታት እጅ ገባ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ሁለቱም ክርስትና እንዲነሡ ተደረገ። መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል፣ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን ተረት ወሎ የተማረው ድሩ ከተበጣጠሰ በኋላ ነው። ዛሬም ጠላታችን አንድ ነው እያልን፣ ለአንድ ወንበር ስንል የምንበላላ ሁሉ ይህን ብናስብ መልካም ነው። ማንን እንደምል ባልናገርም እናንተ ታውቁታላችሁ። (ሳቅና ጭብጨባ)

ብዕሩ በማን እጅ ነበር?

አንድ ነገር ተናግሬ ልቋጭ። እኔ የዚሁ የቦረና ልጅ ነኝ። በትምህርት ቤት ስለ መቅደላ ስማር ሽጉጡ ተነግሮኛል፤ ሴባስቶፖል መድፍ ተነግሮኛል፤ የልዑል ዓለማየሁ ስደት ተነግሮኝ አልቅሻለሁ። ሁለቱን ሴቶች ግን አንድም መምህር አልነገረኝም። ያገኘኋቸው ካደግሁ በኋላ፣ ከናፒየር ጋር የመጡ እንግሊዞች በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ነው። እነሱም ስለ ጦራቸውና ስለ ፖለቲካቸው ጥቂት፣ ስለ መልካቸውና ስለ ውፍረታቸው ደግሞ በሰፊው ነው የጻፉት! ቡዲካም ዕጣዋ ይኸው ነበር። ታሪኳን የጻፉት ጠላቶቿ ሮማውያን፣ ታሲተስና ካሲየስ ዲዮ ናቸው። ዲዮ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለ ቁመቷ፣ ስለ ጸጉሯና ስለ ድምፅዋ ሻካራነት ተረከ።

ልዩነቱ ግን ይህ ነው። የእንግሊዝ ሰዎች ከብዙ ዘመን በኋላ ቡዲካን ፈልገው አወጧት። ስሟ በኬልት ቋንቋ "ድል" ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የንግሥታቸው የቪክቶሪያም ስም በላቲን "ድል" ማለት ነውና፣ "የእኛዋን ትመስላለች" ብለው ወደዷት። ቶርኒክሮፍት የተባለው ቀራጭ ሐውልቷን የጀመረው እዚህ ቴዎድሮስ ነግሠው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ነው። በ1902 ለንደን ውስጥ በፓርላማቸው አጠገብ ተተከለ። ከሁለት ልጆቿ ጋር በሠረገላ ላይ ቆማለች። ልብ በሉ! ያቃጠለችው ከተማ ነው ሐውልት ያቆመላት። ያቺው እንግሊዝ አንዲቷን አመፀኛ ንግሥት በነሐስ እያሠራች ሳለ፣ ጦሯ የሌሎቹን ሁለት ንግሥታት አምባ አቃጥሎ ተመለሰ።

እኛስ? ሐውልት አልጠየቅኋችሁም፤ ሐውልት ገንዘብ ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው ደብተርና እርሳስ ነው። እናንተ ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ስለ ወርቂት፣ ስለ መስታወት፣ በየመንደሩ ጦር ስላበሉና ስለመከቱ ሴቶች የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከተማችሁ ስሟ መካነ ሰላም ነው፤ የሰላም ቦታ ማለት ነው። በዚህ ዙሪያ ግን ስንት ጦር እንዳለፈ፣ ስንት እናት የልጇን መርዶ እንደተቀበለች ከአያቶቻችሁ በቀር የሚነግራችሁ የለም። እነሱም አይቆዩም።

ዛሬ እጃቸውን ያነሡት ሁለት ሽማግሌዎች ከስብሰባው በኋላ አይሂዱብኝ፤ እኔም ደብተር ይዣለሁ።

(ጭብጨባ)