ቡችላን ከብሩሽ ጋር ማለማመድ

የዛሬው ርዕሳችን ማለማመድ ነው። ብሩሽ ሲያይ አልጋ ሥር የሚገባውን፣ እግሩን ሲነኩት የሚንቀጠቀጠውን ቡችላ ማለማመድ።

እስቲ ልጅን በርበሬ እንዴት እንደምናስለምድ አስቡ። መጀመሪያ አልጫ እናበላዋለን። ከዚያ የእንጀራውን ጫፍ ቀዩ ወጥ ላይ ነካ እናደርጋለን። ፊቱን ካጨማደደ እናቆማለን። ቡችላንም ማለማመድ እንዲሁ ነው።

ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ብሩሹን መሬት ላይ አስቀምጡለት። ያሽትተው። ሲያሸተው ቁራጭ ሥጋ ስጡት። በቃ፣ ለዚያ ቀን ይበቃዋል። በማግስቱ ጀርባውን አንዴ ብቻ በብሩሹ ዳበስ አድርጉና ሥጋውን አስከትሉ። ቀስ በቀስ ወደ ጆሮው፣ ወደ እግሩ ትሄዳላችሁ። ደግሞም ገና 3 ወር ሳይሞላው ብትጀምሩ ይመረጣል፤ በዚያ ዕድሜው አዲስ ነገር ቶሎ ይለምዳል።

ታዲያ ዓይናችሁ ከፊቱ አይነሳ። ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ካዛጋ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ጨንቆታል ማለት ነው። ያኔ አቁሙ። እባካችሁ፣ ጨምድዳችሁ ይዛችሁ በግድ አትጨርሱ! በግድ የተያዘ ቡችላ የሚማረው መታገልን ነው። አንድ ክፉ ቀን ደግሞ የብዙ ቀን ማለማመድን ያፈርሳል።

ጥፍሩን ስትቆርጡማ ጥንቃቄው ይጨምር። ጥፍሩ ውስጥ የደም ሥር አለ፤ ከተነካ ያማል፣ ይደማል። ስለዚህ በቀን አንድ ጥፍር፣ እሱም ጫፉን ብቻ። ጥፍሩ ጥቁር ከሆነ ግን የደም ሥሩ አይታይምና፣ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ያሳያችሁ።