በቤቷ ለምትጠቃ ሴት ስለሚሆን መጠጊያ

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ የተነገረ ንግግር)



ይህ ደብር በኀምሳ ዓመት ውስጥ ያጠመቃቸውንና ያጋባቸውን ስንቈጥር ደስ ይለናል፤ ደስ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን በተክሊል ተድረው ከዚህ ደጅ ከወጡት ሙሽሮች መካከል፥ ኋላ በባሏ እጅ የተመታችው ስንት እንደ ሆነች በመዝገባችን አልተጻፈም። ዛሬ የምናገረው ስለ እርሷ ነው።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ነገር እንዳይመስለን፥ በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከመቶው 34ቱ በባላቸው የአካል፥ የሩካቤ ወይም የመንፈስ ግፍ እንደ ደረሰባቸው ገልጧል። ከዚህም ይልቅ የሚያስደነግጠው፥ የአካል ወይም የሩካቤ ግፍ ከደረሰባቸው ሴቶች ከመቶው 66ቱ ርዳታ ሳይሹና ለማንም ሳይናገሩ መቅረታቸው ነው። ርዳታ ከሹትም የሚበዙት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዋ የርዳታ ደጅ የእኛው ደጅ ናት ማለት ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የመጀመሪያይቱን የቆሮንቶስ መልእክት በተረጐመበት በ26ኛው ድርሳኑ፥ ባል ሚስቱን ሲመታ ጩኸቷ በየመንገዱ ተሰምቶ፥ ጎረቤቱና መንገደኛው አውሬ ወደ ገባበት ቤት እንደሚሮጥ ሆኖ ወደዚያ ቤት እንደሚሮጥ ያወሳል። ይህን ያስተማረው ከ1,600 ዓመት በፊት ነው። እኛ ግን ጩኸቱን ስንሰማ «የባልና የሚስት ገመና ነው» ብለን መስኮታችንን እንዘጋለን። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለው ተረትማ ማዕተብ ባሰረ ሰው አፍ ሲነገር መስማት ያሳፍራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የተጠቃች ሴት ችግሯን ለሰው ሁሉ ብትሰውር ስንኳ ለነፍስ አባቷ ትናገራለች። እርሱም ብዙ ጊዜ የሚመልስላት «ልጄ ሆይ፥ ታገሺ፥ ጸልዪ» የሚል ቃል ነው። ትዕግሥት ታላቅ ምግባር መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን በደል የሚሠራውን ሰው ሳይገሥጹ የተበደለችውን ብቻ ታገሺ ማለት፥ ሸክሙን ሁሉ በደካማው ትከሻ ላይ መጫን ነው። የኑዛዜ ምሥጢር እንደማይገለጥ የታወቀ ነው፤ እንዲገለጥም የምጠይቅ አይደለሁም። ሆኖም የነፍስ አባት ምሥጢሯን ሳያወጣ መንገዱን ሊያሳያት ይችላል፤ መንገዱን ካላወቀ ግን ምን ሊያሳያት ይችላል?

ስለ ሽምግልናም አንድ ቃል ልበል። ሽማግሎች ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው «ተናገሪ» ሲሏት፥ ማታ ከማን ጋር ወደ ቤት እንደምትመለስ ስለምታውቅ ዝም ትላለች፤ ሽማግሎቹም ዝምታዋን እንደ ዕርቅ ቈጥረው ይመርቃሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ብቻዋን መስማት ይገባል፤ ሕይወቷ የሚያሠጋ ከሆነ ደግሞ ዕርቁ ይቈይ። ሰውየውም ፊቱ ጠቍሮ ሲመጣ «ወዴት ሄደች?» ቢል የት እንዳለች አይነገረው፤ ሴቲቱ ቤቱን ትታ በምትወጣበት ጊዜ አደጋው ከቀድሞው ይልቅ ይበረታልና።

በቍርባን የተጋቡት «ከቤት ብወጣ ጋብቻዬን አፈረስኩ» ብለው ይፈራሉ። ነፍስን ለማዳን ወደ ሌላ ቤት መሸሽ ጋብቻን ማፍረስ አይደለም። ፍትሐ ነገሥትም ቢሆን ስለ ጋብቻ በሚናገርበት በ24ኛው አንቀጽ፥ አንዱ በሌላው ሕይወት ላይ ማሤሩን ጋብቻ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል።

የመንግሥት ሕግም ተለውጧል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ፥ ሚስትን ታዛዥ ያደርግ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ሁለቱን እኩል አድርጓቸዋል። በአዋጅ ቍጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግም በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ሥራ ወንጀል መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ ሚስቱን የመታ ሰው ዱላው በገዛ ቤቱ ነው ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

ርዳታውንም የሚሰጡ አሉ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጠቁ ሴቶችና ልጆች ሐኪሙን፥ ፖሊሱን፥ ዐቃቤ ሕጉንና መካሪውን በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ክፍል ተቋቁሟል፤ ይህም ቍስሏን በአራት መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ከመተረክ ያሳርፋታል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ለመቅጠር ለማትችል ሴት ያለ ዋጋ ምክር ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ቦታው ለውጭ ሰው በማይነገር ቤት ሴቲቱን ከልጆቿ ጋር ተቀብሎ ምግብ፥ ሕክምናና የእጅ ሥራ ትምህርት ይሰጣል። ተበድሎ የመጣውን በደወል ድምፅ ተቀብላ ታስጠጋ ለነበረች ቤተ ክርስቲያን ማረፊያ ቤት እንግዳ ነገር ሊሆንባት አይገባም።

ለሴቲቱም አስቀድሞ የሚነገራት አለ፤ የበለዘው ሳይጠፋ ሐኪም ዘንድ ደርሳ ማስረጃውን ትያዝ፤ የጋብቻዋንና የልጆቿን የልደት ወረቀት፥ መታወቂያዋንና ጥቂት ገንዘብ በምታምናት ሴት ቤት ታኑር።

በመጨረሻ ለሰበካ ጉባኤው አንድ ልመና አለኝ። ለዚህ በዓል ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ተለይቶ፥ በሌሊት ከቤቷ ለወጣች ሴት የመኪና ኪራይና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለብ ይሁን። ቍልፉን ምእመናኑ የሚያምኗቸው ሁለት እናቶች ይያዙ፤ ሴቲቱ ሌሊቱን ለዘበኛው ሳትተርክ የእነርሱን ደጅ ትምታ። ሒሳቡ እንደ ሌላው ሒሳብ ይመርመር፤ በመዝገቡ ግን የወጣው ገንዘብና ቀኑ ይጻፍ እንጂ የተቀባይዋ ስም አይጻፍ።